የሴል ክፍፍልን የሚያቆም መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅምን ያስረጃል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰሯ ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ስለነበር ፓልቦሲክሊብ ከሌትሮዞል ጋር ታዞላታል። ካንሰሩ ባለበት ቆሟል ተብለናል። ነጭ የደም ሴሏ ግን ዝቅ ብሏል። ሳነብ ፒ16 ስለሚባል ፕሮቲን አገኘሁ። ካንሰርን ያግዳል፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየበዛ በሽታ የመከላከል አቅምን ያደክማል ይላል። መድኃኒቱ የሚሠራውም የፒ16ን ሥራ ነው ይላል። ታዲያ ካንሰሩን እያቆምን መከላከያዋን እያስረጀን ነው? ብታቋርጠው አይሻልም?»

አንገብጋቢውን ላስቀድም። ሐኪማቸው ሳይል መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። የነጭ የደም ሴሉ መቀነስ የሚጠበቅ ነው። ክትትል ይፈልጋል። በአብዛኛው ግን ተመልሶ የሚስተካከል ነው እንጂ እርጅና አይደለም።

ያነበቡት ነገር ግን ውሸት አይደለም። ፒ16 ካንሰርን ያግዳል፤ መከላከያንም ያስረጃል። መድኃኒቱም በእርግጥ እሱን አስመስሎ ይሠራል። ሦስቱም እውነት ሆነው ሳለ መደምደሚያው የማይከተለው ለምንድን ነው? ለዚህ ትንሽ ወደ ሴሉ ውስጥ መግባት አለብን።

ሴል እንዲሁ ብድግ ብሎ አይከፈልም። መጀመሪያ መጠኑን ያሳድጋል። ከዚያ ዲኤንኤውን ያባዛል። የተባዛው ትክክል መሆኑን ይፈትሻል። በመጨረሻ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ዙር የሚያንቀሳቅሱት ሲዲኬ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ አይሠሩም። የሚነቁት ሳይክሊን የሚባል ፕሮቲን ሲጣበቅባቸው ነው። ሳይክሊኖቹ ደግሞ በየዙሩ ተሠርተው በየዙሩ ይፈርሳሉ። ቲም ሀንት ይህን መሠራትና መፍረስ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1982 በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ነበር። ሊላንድ ሃርትዌልና ፖል ነርስ በእርሾ ላይ ሌላውን ክፍል አገኙ። ሦስቱ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የእርሾ ጥናት ለጡት ካንሰር ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ መልሱ ይኸው እናትዎ የሚውጡት እንክብል ነው። ፕሮቲኖቹ ከእርሾ እስከ ሰው ድረስ በጣም ይመሳሰላሉ።

ለእኛ ጥያቄ ወሳኙ ቦታ ዲኤንኤ ከመባዛቱ በፊት ያለው ነው። እዚያ ላይ አርቢ የሚባል ፕሮቲን ተቀምጧል። ለመከፋፈል የሚያስፈልጉትን ጂኖች የሚያስነሳውን ፕሮቲን ይዞ አይለቅም። ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 ከሳይክሊን ዲ ጋር ሆነው አርቢ ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጥፉበታል። ያኔ አርቢ የያዘውን ይለቃል። ሴሉም ወደ መባዛት ይገባል። ፒ16 የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሲዲኬ4ንና ሲዲኬ6ን ይዞ ከሳይክሊን ዲ ጋር እንዳይሠሩ ያደርጋል። አርቢም እንደያዘ ይቀራል። ፒ16 ፍሬን ነው ማለት ነው። ፓልቦሲክሊብና የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑት ራይቦሲክሊብ እና አቤማሲክሊብ የሚባሉት መድኃኒቶችም የሚይዙት እነዚያኑ ሁለት ኢንዛይሞች ነው።

ዕጢ እንዲያድግ ይህ ፍሬን የሆነ ቦታ መበላሸት አለበት። የሚበላሽበት ቦታ ግን ከካንሰር ካንሰር ይለያያል። በቆሽት ካንሰርና ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የፒ16 ጂን ራሱ ይጠፋል ወይም ይዘጋል። በትናንሽ ሴል የሳንባ ካንሰር የሚጠፋው አርቢ ነው። በብዙ የጡት ካንሰሮች ደግሞ ሳይክሊን ዲ ከመጠን በላይ ይመረታል። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ ጂን እስኪበላሽ እንኳ አይጠብቅም። ኢ7 በሚባል ፕሮቲኑ አርቢን ያፈርሳል፤ በኢ6 ደግሞ ፒ53ን።

ፒ53 ሌላው ትልቅ ጠባቂ ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ይነሳል። ፒ21 የሚባል ሌላ አቋሚ ያስመርታል፤ ወይም ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ የፒ53 ጂን ተበላሽቶ ይገኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ያደናግራል። በጉሮሮ ካንሰር የናሙና ውጤት ላይ «ፒ16 ፖዘቲቭ» የሚል ሲያዩ ሰዎች ይደነግጣሉ። ወይም ደግሞ ካንሰር አጋጅ በዝቷል ብለው ይደሰታሉ። ሁለቱም አይደለም። ቫይረሱ አርቢን ሲያፈርስ ሴሉ ፒ16ን በከንቱ አብዝቶ ያመርታል። ከፒ16 በታች ያለው አርቢ ስለሌለ ምርቱ ምንም አያቆምም። ሐኪሙ የሚያየው ካንሰሩ በኤችፒቪ የመጣ መሆኑን ለመለየት ነው።

አሁን ወደ እርጅናው እንምጣ።

ፒ16 በወጣት ሰውነት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ዕድሜ ሲጨምር ግን በብዙ ሕብረ ሕዋሳት ይጨምራል። በደም ውስጥ ባሉ ቲ ሴሎች ላይ የተሠራ የ2009 ጥናት መጠኑ ከዕድሜ ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳይቷል። በሚያጨሱና በማይንቀሳቀሱ ሰዎች ደግሞ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ምክንያቱ ይገባል። ሴል ዕድሜውን ሙሉ ጉዳት ያጠራቅማል። ዲኤንኤው ይቆሳስላል። ቴሎሜር የሚባሉት የክሮሞሶም ጫፎች በየክፍፍሉ ያጥራሉ። እንዲህ ያለ ሴል መከፋፈሉን ቢቀጥል ወደ ካንሰር የመሄድ ዕድሉ ትልቅ ነው። ስለዚህ ሰውነት በፒ16ና በፒ53 ያስቆመዋል። ለዘለቄታው። ሌናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 በላቦራቶሪ የሚያድጉ የሰው ሴሎች ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ተከፋፍለው እንደሚቆሙ ያሳየው ይህንኑ ነበር።

ችግሩ ለዘለቄታው የቆመው ሴል ዝም ብሎ አይቀመጥም። ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል። ጎረቤቶቹን ያውካል። ጤናማ የሆነ በሽታ ተከላካይ ይህን ሴል ፈልጎ ያጸዳዋል። የተዳከመ ተከላካይ ግን ይተወዋል። ያረጁ ሴሎች ይበዛሉ፤ ብግነቱ ይጨምራል፤ ተከላካዩም ይበልጥ ይደክማል። በ2021 የወጣ የአይጥ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ዲኤንኤ የሚጠግን አንድ ጂን ከደም ሴሎች ብቻ አጠፉ። ያረጁት ግን የደም ሴሎቹ ብቻ አልነበሩም። ያልተነኩት ሌሎቹ አካላትም አብረው አረጁ።

ቲ ሴሎች ለዚህ ነገር ለምን ይጋለጣሉ? ሥራቸው ራሱ መከፋፈል ስለሆነ ነው። አንድን ጀርም የሚያውቁ ቲ ሴሎች በሰውነት ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው። ጀርሙ ሲገባ እነዚያ ጥቂቶች በሳምንት ውስጥ በሺዎች እጥፍ መባዛት አለባቸው። በዚያ ጥድፊያ ወቅት አንድ ሴል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊከፋፈል ይችላል። መከፋፈል ያቃተው ቲ ሴል ጀርሙን ቢያውቀውም ሠራዊት አያፈራም። በዚህ ላይ አዳዲስ ቲ ሴሎች የሚሠለጥኑበት ታይመስ የሚባለው ዕጢ ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሸሸ ይሄዳል። በስልሳዎቹ ዕድሜ አብዛኛው ክፍሉ በስብ ተተክቷል። ክትባት በአረጋውያን ላይ እንደ ወጣቶቹ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለዚህም ነው ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች መጠኑ ከፍ ያለ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የተዘጋጀው።

ታዲያ ፒ16ን ብናጠፋው መከላከያው ይታደሳል? ይህ ጥያቄ በአይጥ ላይ ተሞክሯል። ውጤቱ በዚህ መስክ ከማውቃቸው ሁሉ የሚገርመኝ ነው።

በ2011 የወጣው ጥናት ፒ16ን ከመላው ሰውነት አላጠፋም። ከአንድ የሴል ዘር ብቻ ነው ያጠፋው። በአንዱ የአይጥ ቡድን ከቲ ሴል ዘር፣ በሌላው ከቢ ሴል ዘር። ቢ ሴሎች ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ናቸው። ከቲ ሴል የጠፋባቸው አይጦች ሲያረጁ ታይመሳቸው እንደሌሎቹ አልሟሸሸም። አዳዲስ ቲ ሴሎችን በተሻለ ሁኔታ ያመርቱ ነበር። ለእንግዳ ነገር የሚሰጡት ምላሽም ተሻሽሏል። የቲ ሴል ካንሰርም አልበዛባቸውም። ነፃ ምሳ ተገኘ ያሰኛል። ከቢ ሴል የጠፋባቸው ግን ኃይለኛ የቢ ሴል ካንሰር በብዛት ያዛቸው። ከመብዛቱ የተነሳ የቢ ሴላቸውን እርጅና በደንብ ማጥናት እንኳ አስቸገረ።

ያው ጂን ነው። ያው ፍሬን ነው። በአንዱ ሴል ሲነሳ ወጣትነት፣ በጎረቤቱ ሲነሳ ካንሰር። ለዚህ ነው «ፒ16ን የሚቀንስ»፣ «ሴልን የሚያድስ» እያሉ የሚሸጡ ነገሮችን ስሰማ ፊቴ የሚጠቁረው። ከየትኛው ሴል ነው የሚቀንሱት? መልስ የላቸውም።

በተቃራኒው አቅጣጫም ተሞክሯል። በ2002 ተመራማሪዎች ፒ53 ያለ ማቋረጥ ከመጠን በላይ የሚሠራባቸው አይጦች ነበሯቸው። አይጦቹ ካንሰር እምብዛም አልያዛቸውም፤ ግን ቀድመው አረጁ። ይህን ያነበበ ሰው ከካንሰር መዳን የግድ በእርጅና ይከፈልበታል ብሎ ይደመድማል። እርስዎ ያነበቡት ጽሑፍም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ነገር ግን በ2007 ሌላ ቡድን የፒ53ና የአጋዡን ጂን ተጨማሪ ቅጂ ለአይጦች ሰጠ። ልዩነቱ ቅጂዎቹ በራሳቸው ተፈጥሯዊ መቆጣጠሪያ ሥር መሆናቸው ነው። ሲያስፈልግ ይነሳሉ፣ ሳያስፈልግ ይተኛሉ። እነዚህ አይጦች ካንሰር ቀነሰላቸው። ዕድሜያቸውም ረዘመ። ዝሆንም ወደ 20 የሚጠጋ የፒ53 ቅጂ ይዞ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ካንሰርም እምብዛም አያጠቃውም።

ስለዚህ ጉዳዩ ፍሬኑ መያዙ አይደለም። ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው ሴል፣ በምን ሁኔታ ላይ ተያዘ የሚለው ነው። የእናትዎ መድኃኒትም የሚመዘነው በዚህ ነው።

መከፋፈል ያቆመ ሴል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያረፈ ነው። ጤናማ ነው፤ ምልክት ሲደርሰው ተነስቶ ይከፋፈላል። በሰውነታችን ያሉ አብዛኞቹ ቲ ሴሎችና የመቅኒ ግንድ ሴሎች ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት እንዲህ ነው። ሌላው ያረጀው ነው። ተቆልፏል፤ አይመለስም፤ ብግነትም ይረጫል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም «አልተከፋፈሉም»። ውስጣቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ያረፈው ሴል መከፋፈሉን ብቻ ሳይሆን ማደጉንም አቁሟል። መከፋፈሉ ተይዞ እያለ እንዲያድግ የሚገፋው ምልክት ከቀጠለ ግን ሴሉ ያለ ልክ ያብጣል፤ ይጎዳል፤ ቀስ በቀስም ወደ እርጅና ይገባል።

ይህ ልዩነት ለእኛ በጣም ጠቃሚ ነው። የካንሰር ሴል «እደግ፣ እደግ» የሚል ምልክት በውስጡ ያለ ማቋረጥ ይጮህበታል። መድኃኒቱ ክፍፍሉን ሲይዝበት ወደ እርጅና የመግባት ዕድሉ ትልቅ ነው። እኛም የምንፈልገው ያንን ነው። በመቅኒ ውስጥ ያለ ጤናማ ሴል ግን በአብዛኛው ዝም ብሎ ያርፋል። መድኃኒቱ ሲነሳ ይቀጥላል።

ማስረጃው በእናትዎ የደም ምርመራ ላይ አለ። ፓልቦሲክሊብ የሚወሰደው ለ21 ቀን ተውጦ ለ7 ቀን እየታረፈ ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ መቅኒ በየቀኑ በብዙ ቢሊዮን እያመረተ ይተካቸዋል። ለማምረት ደግሞ ሲዲኬ6 ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ሲዲኬ6ን ሲይዝ ምርቱ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። በእረፍቱ ሳምንት መቅኒው ሥራውን ይጀምራል፤ ቁጥሩ ይወጣል። ያረጀ መቅኒ እንዲህ አይመለስም። አቤማሲክሊብ ሲዲኬ4 ላይ ስለሚያደላ ነጭ የደም ሴልን በመጠኑ ያነሰ ይቀንሳል፤ ያለ እረፍትም ይወሰዳል። በምትኩ ተቅማጥ ያበዛል።

ከኬሞቴራፒ ጋር ያለውም ልዩነት ከዚሁ ይመነጫል። ኬሞ በመከፋፈል ላይ ያሉ የመቅኒ ሴሎችን ይገድላል። ይህኛው ያስቆማቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ስለዚህ ፓልቦሲክሊብ ከሚወስዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ኒውትሮፊል በጣም ዝቅ ቢልም፣ ከትኩሳት ጋር የሚመጣው አደገኛው ዓይነት የሚያጋጥመው ከ100 ሰው ወደ 2 በሚሆነው ላይ ብቻ ነው።

እንዲያውም ሴል በማስረጀት ቢወቀስ ይበልጥ የሚገባው ኬሞ ነው። በ2014 በወጣ ጥናት ለጡት ካንሰር ኬሞ የወሰዱ ሴቶች ቲ ሴሎች ውስጥ ያለው ፒ16 ከ10 ዓመት በላይ እርጅና በሚመጣጠን መጠን ጨምሯል። ይህን የምለው ኬሞን ለማስፈራሪያ አይደለም። ሕይወት ያድናል፤ በሚያስፈልግበት ቦታ ያስፈልጋል። የዲኤንኤ ጉዳትና ጊዜያዊ ማስቆም ለየቅል መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

የበለጠ የሚያረጋጋዎት ነገር ልጨምር። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ትራይላሲክሊብ የሚባል መድኃኒት አለ። በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደው መቅኒን ከኬሞ እንዲጠብቅ ነው! በተሰራጨ ትናንሽ ሴል የሳንባ ካንሰር ታካሚው ኬሞ ከመውሰዱ በፊት በደም ሥር ይሰጠዋል። የመቅኒ ሴሎች ለጥቂት ጊዜ ያርፋሉ። ኬሞው ሲመጣ እየተከፋፈሉ ስላልሆነ ጉዳቱ ይቀንስላቸዋል። ካንሰሩስ አብሮ አያርፍም ወይ? አያርፍም። የዚህ ካንሰር ሴሎች አርቢን ስላጡ ሲዲኬ4/6ን መያዝ አያቆማቸውም። በዚሁ ምክንያት ፓልቦሲክሊብም አርቢ የጠፋበት ካንሰር ላይ አይሠራም።

በመከላከያ በኩልም ነገሩ ሁሉ ጉዳት አይደለም። በ2017 የወጣ የአይጥ ጥናት የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ሁለት ያልተጠበቁ ነገሮች ሲያደርጉ አሳይቷል። የካንሰሩ ሴሎች ማንነታቸውን የሚያጋልጡ ምልክቶችን በላያቸው ላይ አብዝተው እንዲያወጡ አደረጉ። ሌሎች ቲ ሴሎችን የሚያፍኑ «ተቆጣጣሪ» ቲ ሴሎችን ደግሞ ከገዳዮቹ ቲ ሴሎች ይልቅ አብዝተው ቀነሱ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ውጤቱን ለእናትዎ ቃል አልገባበትም። ግን «ክፍፍል ማቆም ማለት መከላከያን ማዳከም ነው» የሚለው ቀጥታ ስሌት እንደማያስኬድ በቂ ማስረጃ ነው።

ይህ ሲባል ጥንቃቄው ይቅር ማለት አይደለም። ኒውትሮፊል በወረደባቸው ቀናት ኢንፌክሽን እውነተኛ ስጋት ነው። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይደወል። «ነገ እናየዋለን» አይባልም። የደም ምርመራ ቀጠሮ አይዝለሉ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት። ቁጥሩ በጣም ከወረደ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለሳምንት ሊያዘገይ ወይም መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ የተለመደ አሠራር ነው። ቤተሰቦች በዚህ ሲጨነቁ አያለሁ፤ አይጨነቁ።

የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኒያ ክትባት ካልወሰዱ ጉዳዩን ለሐኪማቸው ያንሱት። የሞተ ጀርም ወይም ቁራጩ ያለባቸው ክትባቶች ችግር የላቸውም። ሕያው የሆነ የተዳከመ ጀርም ያለባቸውን ግን ሳይጠይቁ እንዳይወስዱ።

ስለ ምግብና ማሟያ ልጨርስ፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ። «መከላከያ ይጨምራል» ተብሎ የሚሸጥ ዕፅ ወይም እንክብል ካለ መጀመሪያ ለካንሰር ሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ያሳዩት። ፓልቦሲክሊብን የሚያፈርሰው በጉበት ያለ አንድ ኢንዛይም ነው። ግሬፕፍሩት ያንን ኢንዛይም ስለሚያግደው መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይበዛል፤ ነጭ የደም ሴሉም ይበልጥ ይወርዳል። ለድብርት ይወስዱታል የሚባለው ሴንት ጆንስ ዎርት ደግሞ ኢንዛይሙን ያበዛዋል፤ መድኃኒቱ ሳይሠራ ይጠፋል። ስለዚህ እናትዎ አሁን የሚወስዱት ማንኛውም ተጨማሪ ነገር ካለ፣ ሻይ ውስጥ የሚገባውም ሳይቀር፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስሙን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ራሱን ይዘውት ይሂዱ።